ግማሽ ስፍር ባሩድ

የእንስሳት ሐኪሙ በገዛ ጠመንጃው ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ከግራ ትከሻው አጥንት ዝቅ ብሎ፣ ጃኬቱ ላይ፣ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች። ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ አያትና ቶሎ ቀና አለ። ሬሳ ማየት አዲስ ሆኖበት አይደለም። ያስጨነቀው በዛፎቹ መሃል የቆሙት ሁለት ወንዶች ናቸው፤ አንደኛው ያለቅሳል፣ ሌላው ትንፍሽ አይልም። ሁለቱም የሟች ሚስት ወንድሞች ናቸው፣ ሁለቱም ጠመንጃ ይዘዋል። እንዲህ ያለ ጉዳይ መጨረሻው ምንም ይሁን ምን አንድ ቤት አፍርሶ እንደሚሄድ ኢንስፔክተሩ በሥራ ዘመኑ ደጋግሞ አይቷል።

የአደን ወቅት የተከፈተበት ጠዋት ነበር። ሦስቱ ሰዎች የሚያድኑት በድሮው ዓይነት፣ በአፈሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ባሩዱ ተሰፍሮ ከላይ ይፈስሳል፣ አረሩ ቅባት በጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ በዘንግ እስከ ታች ይጠቀጠቃል፣ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ እንደገና እስኪጎርስ አውሬው ዳገቱን ጨርሶ ይወርዳል። ዘመናዊ ጠመንጃ ሞልቶ ይህን ሁሉ ጣጣ የሚወድ ሰው ጤነኛ አይመስልም። የዚህ ቤት ወንዶች ግን ከአባታቸው የወረሱት ሱስ ነበርና በዕረፍት ቀናቸው እርሳስ ሲያቀልጡ፣ ባሩድ ሲሰፍሩ፣ ኢላማ ላይ ቀዳዳ ሲለኩ ነው የሚውሉት። የእህታቸው ባል እንኳ ሳይወድ በግዱ ተጋብቶበት ነበር።

ታላቅየው ሰዓት ሠሪ ነው፤ ጺሙ የሸበተ፣ ንግግሩ የተቆጠበ። ሬሳው ዘንድ መጀመሪያ የደረሰው እሱ ነው። አንድ ከርከሮ ላይ ተኩሶ መሳቱን፣ ከዚያ በኋላ ጠመንጃውን አለማጉረሱን ተናገረ። ታናሽየው ቀያሽ ነው፤ መሬት እየለካ የሚኖር፣ ረዥም፣ ቀጭን። እንባው እየወረደ ጭራሽ እንዳልተኮሰ አስረዳ። ሳጅኑ በዘንግ ፈተሸለት፤ እውነትም የቀያሹ ጠመንጃ እንደጎረሰ ነበር፣ በርሜሉም ንጹሕ ነው። የደን ጠባቂው ደግሞ ሁለት ድምፅ መስማቱን አስመዘገበ። አንዱ ጆሮ የሚያደነቁር ነበር። ቆየት ብሎ የመጣው ግን ደብዘዝ ያለ፣ በር የተዘጋ የሚመስል ነበርና ጠባቂው እንጨት ቆራጮች ናቸው ብሎ ንቆ ትቶታል።

ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ ሐኪም ከሬሳው ያወጣውን እርሳስ በትንሽ ብልቃጥ ለኢንስፔክተሩ ሰጠው። ድብልብል ነው፤ ባንድ ወገን ትንሽ ጠፍጠፍ ብሏል፣ በሌላው ወገን የጨርቅ ሽመና ታትሞበታል። ኢንስፔክተሩ ብልቃጡን ይዞ ወደ ቀያሹ ሄደና ከሦስታችሁ ድብልብል አረር የሚተኩሰው ማነው ብሎ ጠየቀው። ቀያሹና ሟቹ ባንድ ቀን፣ ባንድ ሱቅ የገዟቸው ጠመንጃዎች የሚጎርሱት ሹል ረዥም አረር መሆኑን ኢንስፔክተሩ ቀድሞ ሰምቷል።

ቀያሹ መሬት መሬቱን አየ። «ጋሼ ነው፤ ጋሼ ብቻ» አለ።

ሰዓት ሠሪው ያን ማታ ጣቢያ አደረ።

በማግስቱ እህታቸው መጣች። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ ጥቁር ለብሳ እንኳ ጠመኔ የለመደው ጣቷ ነጭ ነው። ታናሽ ወንድሟ ቦርሳዋን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። ኢንስፔክተሩ ወንበር አቀረበላት፣ አልተቀመጠችም። ታላቅ ወንድሟ አባታቸው ከሞተ በኋላ ሁለቱንም ያሳደገ፣ የትምህርት ቤት የከፈለ፣ እሷን የዳረ ሰው መሆኑን እንደ ትምህርት በረድፍ በረድፉ አስረዳችው። ከባሏ ጋር ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ይልቅ ባሏ ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ ምን ሆነሃል ስትለው ወቅቱ ይከፈት፣ አንድ ነገር እነግርሻለሁ እያለ ያልፋት ነበር።

«ጋሼ ለኔ አባቴ ነው» አለች። «ገድሎት ከሆነ ንገሩኝና ቁርጤን ልወቅ። ካልገደለው ግን መልሱልኝ። ለዐቃቤ ሕግ የሚሆን ሰው ጠፍቶ እሱ ተገኘ እንዳይሆን።»

ቀያሹ ከኋላዋ፣ «እትዬ፣ በቃ፣ እንሂድ» እያለ ክንዷን ያዘ። ፊቱ ከሷ ይብስ ገርጥቷል። ኢንስፔክተሩ በመስኮት ሲሄዱ አያቸውና አንጀቱን በሉት። ለሴትየዋ ቃል አልገባላትም፤ ግን ቃል የገባ ያህል ከበደው።

*

ሰዓት ሠሪውን ለማስፈታት ሌላ ተጠርጣሪ ያስፈልጋል፣ እሱም አልጠፋም። ካቻምና በአደን ወቅት ከዚያው ደን ጫፍ እንጨት ትለቅም የነበረች ሴት ከየት እንደመጣ ባልታወቀ ጥይት ሞታ ነበር። ሹል ረዥም አረር ነበር፤ አዳኙ ግን ውሃ በላው። መዝገቡ እስካሁን ኢንስፔክተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ በከፈተው ቁጥር ያፍርበታል። የሴትዮዋ ባል ከሰል አክሳይ ነው። ሐዘኑ ሲብስበት አዳኝ የሚባል ፍጡር ባገኝ አልለቀውም ብሎ በሰው ፊት መዛቱን ሳጅኑ አስታወሰ።

ከሰል አክሳዩ ጥላሸት በወረሰው ግቢው ውስጥ አገኛቸው። ዝቻውን አልካደም። ወቅቱ የተከፈተ ጠዋት የት ነበርክ ሲባል ግን ሴት ልጁን ጤና ጣቢያ ይዞ ሄዶ ተራ ሲጠብቅ መዋሉን ተናገረ። ሳጅኑ ሄዶ አጣራ፤ ተረኛዋ ነርስ ሲጨቃጨቃት ስለዋለ መልኩን እንዳትረሳው ሆና አውቃዋለች። ጠመንጃም ኖሮት አያውቅም። ያ ተስፋ በዚሁ ቀረ።

ሊወጡ ሲሉ ሰውዬው ራሱ መለሳቸው። «የሞተውን ሰው አውቀዋለሁ» አለ። «ፍየሎቼን ሊያክም ይመጣ ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን ፍየል ሳይታመም መጣ። እዚያ ግንድ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ምን ሆነህ ነው ብለው ይቅር በለን ብሎኝ ሄደ።»

«በለን?»

«አዎ። በለኝ አላለም።»

ኢንስፔክተሩ መንገዱን በሙሉ ያችን ቃል ሲያላምጥ ሄደ። አልዋጥ አለችው።

*

ሰዓት ሠሪው በእስር ክፍሉ አግዳሚ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ሰዓቱን ስለወሰዱበት በየጊዜው ባዶ አንጓውን ያያል። ኢንስፔክተሩ አጠገቡ ተቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ከሳሽ ሳይሆን እንደ ተማሪ ጠየቀው፤ ይህ ጠመንጃ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሽማግሌው ሥራው ሲነሳለት ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። ጠመንጃ እንደ ልጅ ምግብ ይመርጣል አለ። ለአንዱ የተስማማው አረር ለሌላው አይሆንም፤ ባሩዱም እንደዚያው። ሰነፍ ሰው ስፍሩን ሞልቶ ይለቃል፣ ድምፁም ጭሱም ያምርለታል፣ ግን አይመታም። አዋቂ ከትንሽ ይጀምርና ጥቂት ጥቂት እየጨመረ፣ በየመሃሉ በርሜሉን እየጠረገ፣ ቀዳዳዎቹ አንድ ላይ እስኪሰበሰቡ ይሞክራል። ሲሰበሰቡ ያ የጠመንጃው ቀለብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ንክች አይደረግም። የሱ ጠመንጃ ከአባቱ የወረሰው ነው። በርሜሉ ውስጥ የተፈለፈሉት ቦዮች ስድስት ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚዞሩት፣ ድብልብል አረርና ሙሉ ስፍር ባሩድ ይወዳል፤ ያውም በወፍራም የፍራሽ ጨርቅ ሲጠቀለል።

ከዚያ ድንገት ዞር አለና፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ ጨርቁን አገኛችሁት?» አለው።

ኢንስፔክተሩ የምን ጨርቅ እንደሆነ አልገባውም።

«አረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ ጨርቁ ይለቀዋል። ጥቂት እርምጃ ሄዶ ይወድቃል። እኛ ስንተኩስ ከኢላማው በፊት የምናየው እሱን ነው፤ የበርሜሉ ቦይ ይታተምበታል፣ ባሩዱ ከበዛ ይቃጠላል። ከኔ ጠመንጃ አለመውጣቱን የሚነግርህ እሱ ነው። ሂድ ፈልገው።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ውጭ ሲወጣ ሰማዩ ጠቁሮ አየና ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ያን ሁሉ ቀን ደረቅ የነበረው ሰማይ ዛሬ ሊዘንብ ነው። ሳጅኑንና ሁለት ፖሊሶችን ሰብስቦ መኪናዋን እንደ እብድ አስነዳ። ደኑ ሲደርሱ ነፋሱ ቅጠሉን እያነሳ ይበትነዋል። ሬሳው ከነበረበት ቦታ ጀርባውን በሚያይ ወገን፣ ሰው ሊሸሸግ የሚችልበትን ቁጥቋጦ ሁሉ ፊት ለፊቱን በእንብርክክ ፈተሹ። ሳጅኑ እሾህ እየነቀለ፣ ጨርቅ ፍለጋ ከሆነ ገበያ ብንሄድ ይሻል ነበር እያለ ያጉረመርማል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወርዱ ኢንስፔክተሩ ጥርሱን ነክሶ ነበር። አንድ እሬት ሥር፣ ቅጠል የመሰለች፣ ክብ ሆና የተቆረጠች ጨርቅ በሁለት ጣቱ አነሳ። መሃሏ ጠቁሯል፣ ግን አልተቃጠለችም። ኮፍያው ውስጥ ከቶ ሲሮጥ ዝናቡ ወረደ።

*

የመሣሪያ ክፍሉን ኃላፊ ባልደረቦቹ ፕሮፌሰር ይሉታል፤ እሱ ቅጽል ስሙ ስድብ መሆኑን ሳያውቅ ጡረታ ሊወጣ ነው። ጨርቋን በማጉያ መስታወት አያትና በዙሪያዋ የታተሙትን መስመሮች ቆጠረ። ስምንት ናቸው። ደግሞም ስስ ናት፣ መስታወት መወልወያ ዓይነት፤ የፍራሽ ጨርቅ አይደለችም። አረሩ ላይ የታተመውም ሽመና የሷው ነው።

ከተያዙት ሦስት ጠመንጃዎች የሰዓት ሠሪው ባለ ስድስት ቦይ ነው። ስምንት ያላቸው የሟቹና የቀያሹ ናቸው፤ የሟቹ ደግሞ እንደጎረሰ ከሥሩ ነው የተነሳው።

«ቀያሹ ነዋ» አለ ሳጅኑ።

ፕሮፌሰሩ ጉንጩን ነፍቶ ሳቀ። የቀያሹ በርሜል ቦዮቹ ቶሎ ቶሎ የሚዞሩ፣ ለረዥም አረር የተሠሩ መሆናቸውን አብራራ። ድብልብል አረር ሲሰጡት ቦዮቹን መከተል አቅቶት ዘልሏቸው ይወጣል፣ ከዚያ የት እንደሚሄድ አንድዬ ይወቀው። አላምን ካላችሁ ኑ ብሎ ሜዳው ላይ ወሰዳቸው። የቀያሹን ጠመንጃ ሙሉ ስፍር አጉርሶ፣ ድብልብሉን ጨምሮ፣ ተንበርክኮ ተኮሰ። የኢላማው ወረቀት ድንግል እንደሆነ ቀረ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። «ይህ ጠመንጃ ድብልብል አረር ይዞ ቤት አይመታም፣ እንኳን ሰው» ብሎ እጁን አራገፈ።

እንግዲህ ጨርቋ ሰዓት ሠሪውን ነፃ ታወጣዋለች፣ ገዳዩን ግን አታሳይም ማለት ነው። ኢንስፔክተሩ ቢያንስ የመጀመሪያው ደስ ብሎት፣ ለሽማግሌው ሊያበሥረው ጨርቋን በፕላስቲክ ይዞ ወረደ። ያን ያህል ቸኩሎ ባልሄደ ይሻል ነበር።

ሰዓት ሠሪው ፕላስቲኩን ወደ ብርሃን አንስቶ አየ። መጀመሪያ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያ ፀጉር የሚያክል ብሎን ሲያጠብቁ በኖሩ ጣቶቹ የጨርቋን ጠርዝ በፕላስቲኩ ላይ ዳሰሰ።

«ይህ ጨርቅ ከኔ ሱቅ ነው» አለ በመጨረሻ። «የሰዓት መስታወት የምወለውልበት ነው። የገደልኩት እኔ ነኝ። ጻፈው።»

ኢንስፔክተሩ ስምንቱን መስመር፣ ስድስቱን ቦይ፣ ስስነቱን አነሳለት። ሽማግሌው ግድግዳውን እያየ ተጣልተን ነበር፣ ተናድጄ ነበር፣ ጻፈው ከማለት በቀር አልመለሰለትም። የታናሽ ወንድምዎ ጠመንጃ ድብልብል አረር ይወስዳል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ጥያቄው ሳያልቅ፣ «አይወስድም» አለ። ኢንስፔክተሩ ይህን ፍጥነት ልብ አለው። ለሌላው ሁሉ መልስ ለመስጠት ጊዜ ሲወስድ የነበረ ሰው ነው።

*

የጣቢያው አዛዥ የእምነት ቃሉን ሲያነብ ፊቱ በራ። ጨርቋን በተመለከተ፣ እነዚህ ሰዎች ደኑን መለማመጃ ካደረጉት ስንት ዓመታቸው፣ የአምናም ሊሆን ይችላል አለ። ሰው ገደልኩ ካለ ገደለ ነው፤ መዝገቡ ዛሬውኑ ለዐቃቤ ሕግ ይሂድ። ኢንስፔክተሩ ከሰዓት በኋላ ድረስ ጊዜ ለመነ። አዛዡ ሰዓቱን አይቶ፣ ከሥራ መውጫ እንዳያልፍ ብሎ ለቀቀው።

ምሳው አልበላ አለው። የሚያውቀውንና ማረጋገጥ የማይችለውን ሲያገላብጥ ደብዛዛው ድምፅ በጆሮው መጣበት፤ በር የተዘጋ የሚመስለው። ሙሉ ስፍር ባሩድ እንደዚያ አይጮኽም፣ ዛሬ ራሱ ሜዳው ላይ ሰምቶታል። ከትንሽ ይጀመራል ያለው ሽማግሌው ነው። ፕሮፌሰሩ ግን ከትንሽ አልጀመረም፤ ሞልቶ ነው የለቀቀው። ስንት ያነሰ ይሆን? በምን ጨርቅ? ይህን የሚያውቀው ጠመንጃውን ለብዙ ቅዳሜ የመገበው ሰው ብቻ ነው። ኢንስፔክተሩ ሊያደርግ ያሰበውን ለአዛዡ ቢያማክር ኖሮ ማዕረጉን ያስገፍፈው ነበር፤ ስለዚህ አላማከረም።

ቀያሹን ስልክ ደውሎ ወደ ተኩስ ሜዳው ጠራው። ጠመንጃው ድብልብል እንደማይወስድ ባለቤቱ በእጁ ካሳየ መዝገቡ ይሟላል ብሎ ነው የጠራው፣ ውሸትም አልነበረም። ቀያሹ ብቻውን ይመጣል ብሎ ጠብቆ ነበር። እህትየው አብራው መጣች። ጋሼን የሚጠቅም ከሆነ እኔም ልይ አለች፤ ኢንስፔክተሩ ሊመልሳት አፉን ከፍቶ አንጀቱ እምቢ አለው። በኋላ በዚህ ራሱን ብዙ ወቅሷል።

ጠረጴዛው ላይ ሁሉም ነገር ተደርድሯል፤ ባሩዱ፣ ከፍና ዝቅ የሚል የናስ መስፈሪያው፣ ድብልብል አረሮች፣ ወፍራም ጨርቅ፣ ስስ ጨርቅ። ሳጅኑ ከጎን ቆሞ እጁን ሽጉጡ ላይ አድርጓል። ፕሮፌሰሩ ክንዱን አጣጥፏል። ኢንስፔክተሩ ለሚጠረጥረው ሰው የሚጎርስ ጠመንጃ ሲያቀብል ከአፈሙዙ ዓይኑን አላነሳም። ጠመንጃው አንድ ጥይት ነው ያለው። ማን ላይ? እዚህ ካሉት ሰዎች ማንም ላይ ሊሆን ይችላል፤ ራሱ ላይም።

ቀያሹ ስስ ጨርቁን ሲያይ ለአፍታ ቆም አለ። ከዚያ ወፍራሙን አነሳ። መስፈሪያውን ጫፍ ድረስ ሞላ፣ አፈሰሰ፣ አረሩን በዘንግ ጠቀጠቀ፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ትንሽ የመዳብ ቆብ ሰካ፣ ተኮሰ። ሜዳው ተናወጠ፣ ጭሱ እስኪገፈፍ ሁሉም ጠበቀ። ወረቀቱ ላይ አንድም ነገር የለም።

ፕሮፌሰሩ አላልኳችሁም ወይ እያለ መመለስ ጀመረ። ቀያሹ ትንፋሹን ለቀቀ። እህቱ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ፣ ይህ ጥሩ ነው መጥፎ ሳይገባት ከአንዱ ወደ አንዱ ታያለች።

ኢንስፔክተሩ አልተቆጣም፣ አልዛተም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲያው መዝገቡ ዛሬውኑ ይሄዳል» አለ። «ታላቅ ወንድማችሁ ዛሬ ገደልኩ ብሎ ፈርሟል።»

ሴትየዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ቀያሹ ግን ጭራሽ አልተንቀሳቀሰም።

«ለምን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ተጣልተን ነበር አለ።»

«ጋሼ ከሱ ጋር ተጣልቶ አያውቅም።»

«እኔም እንደዚያው ይመስለኛል። ግን ጨርቁን ካሳየሁት ወዲህ ሌላ ቃል አይወጣውም።»

ቀያሹ ጠረጴዛውን እያየ ቆመ። በርሜሉን መጥረግ ሲጀምር ማንም አላዘዘውም። እየደጋገመ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ጠረገው። ከዚያ የናሱን መስፈሪያ ወደ ታች ገፋው። ኢንስፔክተሩ ጣቱን ብቻ ነበር የሚያየው፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ በጥፍሩ ትንሽ መለሰው፣ ሞላው፣ አፈሰሰው። ስሱን ጨርቅ አነሳ። አረሩን ሲጠቀጥቅ ክንዱ አልተጣደፈም። ሳጅኑ ሽጉጡን መዘዘ፤ ኢንስፔክተሩ በዓይኑ ከለከለው።

ተኩሱ ደብዛዛ ነበር፤ በር የተዘጋ ይመስላል። ቀዳዳዋ ከኢላማው እምብርት ላይ ወጣች። ቀያሹ ሳይቸኩል እንደገና ጠረገ፣ ሰፈረ፣ ጠቀጠቀ፣ ተኮሰ። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ጋር ተነካክታ ወጣች። ፕሮፌሰሩ ክንዱን ፈታ።

«የጥንቸል ቀለቡ ነው» አለ ቀያሹ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ እያስተኛ። «ብዙ ከሞላሁት ያበላሻል፤ በዚህ ልክ ግን አይስትም። ብቻዬን ነው ያወጣሁት፣ ለማንም አላሳየሁም። አረሩ በጋሼ ቅርጽ ማውጫ የወጣ ነው፣ ጨርቁንም እሱ ነው የሰጠኝ። ልቀቁት።»

ነገሩን ሲናገር ዓይኑ መሬት ላይ ነበር። ካቻምና እንጨት ለቃሚዋን ያገኘቻት ጥይት የሱ ናት። አብሮት የነበረው የእህቱ ባል ብቻ ነው፣ ሁለቱም ፈርተው ዝም ተባባሉ። ዝምታው ግን የእህቱን ባል በላው። ወቅቱ በተከፈተበት ጠዋት፣ ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ፣ አብረኸኝ ብትሄድ ይሻላል ብሎት ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። ጠመንጃው ለእትዬ ጥንቸል እወስዳለሁ ተብሎ የጎረሰ ነበር። ከተኮሰ በኋላ ጠረገ፣ ረዥሙን አረር አጎረሰ፣ እያለቀሰ ሮጠ። ኢንስፔክተሩ ድብልብሉን ሲያሳየው ነው ጋሼ ላይ እንደወደቀ የገባው፤ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እናገራለሁ እያለ እየተነሳ፣ ጣቢያው በር ሲደርስ አንደበቱ ይያዝ ነበር።

እህቱ ጠረጴዛውን ለቅቃ ቀረበችው። ኢንስፔክተሩ ትመታዋለች ብሎ ጠብቆ ነበር።

«ማሙሽ» አለችው፣ ሕፃን ሆኖ በምትጠራው ስም። «ሲወድቅ ምን አለ?»

«ስሜን ጠራ» አለ ቀያሹ። «የመታው ሌላ ሰው መስሎታል። እንድረዳው ነው የጠራኝ።»

ከዚያ በኋላ አላየችውም። ሳጅኑ ካቴና ሲያስገባለት ፊቷን አዙራ ቆማ ነበር።

*

ሰዓት ሠሪው በዚያው ቀን ከሥራ መውጫ በፊት ተፈታ። ሰዓቱን ሲመልሱለት አንጓው ላይ አላሰረውም፣ ኪሱ ከተተው። እህቱ ብቻዋን ኮሪደሩ ላይ ስትጠብቀው ባየ ጊዜ ማን ጠፋ ብሎ አልጠየቀም። ዞሮ ኢንስፔክተሩን ነው ያየው፣ ዓይኑ ቂም ቋጥሯል።

«የፈለጋችሁት አንድ ሰው ነበር፣ እኔ ነበርኩላችሁ» አለ። «እኔ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። እሱ ገና ልጅ ነው። ምን ጎደለብህ?»

ኢንስፔክተሩ ለሴትየዋ አንድ ወንድም መልሶላት አንዱን ነጥቋታል። የካቻምናው መዝገብም ተዘግቷል፤ ከሰል አክሳዩ ዘንድ ሄዶ መንገር ይቀረዋል። ትክክል መሥራቱን ያውቃል፣ ግን ደስታ የሚባል ነገር ሊመጣለት አልቻለም።

የመለሰችለት እህቱ ናት። «ጋሼ፣ ለኔ ጎድሎብኝ ነበር» አለች። «እሱን ማዕዴ ላይ አስቀምጬ እያበላሁ አንተን ስረግም ልኖር ነበር? ይህን ነው የመረጥክልኝ?»

ያን ሁሉ ቀን ቀጥ ብሎ የከረመው የሽማግሌው ወገብ እዚያው ጎበጠ፣ ግድግዳውን ደገፍ አለ። እሷ ክንዱን በክንዷ ቆልፋ የጣቢያውን ደረጃ አንድ በአንድ አወረደችው።